ከምክር ክፍሉ በፊት፦ የዶክትሬት ተማሪዎች ደኅንነትና ድጋፍ ሲዳሰስ

አማርኛ ለሁለት ሥራ አንድ ቃል ሰጥቷል። የዶክትሬት ተማሪን ጥናት የሚመራው ምሁር «አማካሪ» ይባላል፤ የተጨነቀ ሰው ሄዶ ልቡን የሚያፈስለት ባለሙያም «አማካሪ» ይባላል። በዩኒቨርሲቲ አሠራር ግን ሁለቱ ሳይተዋወቁ ይኖራሉ። አንደኛው በትምህርት ክፍሉ ቢሮ ረቂቅ ያርማል፤ ሁለተኛው፣ ካለ፣ በተማሪዎች አገልግሎት ሕንጻ ተቀምጦ የሚመጣለትን ይጠብቃል። ስለ ዶክትሬት ተማሪዎች ደኅንነት ሲነሳ ውይይቱ ቶሎ ወደ ሁለተኛው ያመራል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይቀጠር፣ የስልክ መስመር ይከፈት፣ የጭንቀት መቋቋሚያ ሥልጠና ይሰጥ ይባላል። ሁሉም የሚያስፈልግ ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን ከዚያ ይቀድማል፦ የዶክትሬት ተማሪ ጭንቀት በአብዛኛው ሥራው ከተደራጀበት መንገድ ስለሚመነጭ ድጋፉም ከመጀመሪያው አማካሪ፣ ከጥናቱ የጊዜ ሰሌዳ፣ ከደመወዙና ከባልንጀሮቹ መጀመር አለበት። የምክር ክፍሉ የመጨረሻው በር ነው፤ ሁልጊዜ ክፍት መሆን ይገባዋል፤ ብቸኛው በር ሲሆን ግን ዩኒቨርሲቲው ሰውን እያሳመመ የሚያክም ተቋም ይሆናል።

መረጃው ምን ይላል? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጉዳዩን የዓለም መነጋገሪያ ካደረጉት ጥናቶች አንዱ በ2017 ከቤልጂየም ፍላንደርስ ግዛት ወጣ። ተመራማሪዎቹ 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎችን ጠይቀው 32 በመቶው ለአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ለድባቴ፣ የተጋለጡ መሆናቸውን የሚያሳይ ምልክት እንዳላቸው አገኙ። ይህ አሐዝ ከግዛቲቱ ከፍተኛ ትምህርት ካላቸው ሠራተኞችም፣ ከሌሎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም የላቀ ነበር። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ከ26 አገሮች 2,279 ድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን አካቶ 41 በመቶው መካከለኛ ወይም ከባድ ጭንቀት፣ 39 በመቶው ደግሞ መካከለኛ ወይም ከባድ ድባቴ እንደሚታይባቸው ዘገበ። እነዚህን ቁጥሮች ግን በጥንቃቄ መያዝ ያሻል። በፈቃድ በሚሞላ መጠይቅ ላይ የበለጠ የሚሳተፈው የተቸገረው ሊሆን ይችላል፤ መጠይቁም ምልክትን ይለያል እንጂ በሽታን አይመረምርም። በ2021 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማ የድባቴውን መጠን ወደ 24 በመቶ፣ የጭንቀቱን ወደ 17 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። ዝቅ ያለው የድባቴ ቁጥር ቢሆንም ከአራት ተማሪ አንዱ ገደማ ማለት ነው፤ አራት ሰው በሚቀመጥበት የድኅረ ምረቃ ቢሮ ውስጥ በአማካይ አንድ ወንበር ላይ የከበደው ሰው አለ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። «ዶክትሬቱ አላሳመማቸውም፤ ቀድሞም ለጭንቀት የቀረቡ፣ አብዝተው የሚያስቡ ሰዎች ናቸው ዶክትሬት የሚመርጡት» ይባላል። ለዚህ የተሻለው መልስ ከስዊድን መጣ። በ2024 የቀረበ ጥናት መጠይቅን ትቶ በአገሪቱ የመድኃኒት መዝገብ ላይ ተመሠረተ። የዶክትሬት ተማሪዎች ጥናታቸውን ከመጀመራቸው በፊት ለአእምሮ ጤና የሚታዘዝ መድኃኒት የሚወስዱበት መጠን ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው ዶክትሬት ካልገቡት ጋር ተቀራራቢ ነበር። ጥናቱ ሲጀመር ግን መስመሩ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ወጣ፤ በአምስተኛው ዓመት፣ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው በ40 በመቶ ገደማ በለጠ፤ ከዚያ በኋላ፣ ብዙዎች በሚጨርሱበት ወቅት፣ መልሶ ወረደ። ይህ ቅርጽ ብዙ ይናገራል። ችግሩ ከሰውየው ተፈጥሮ ጋር ብቻ የተጣበቀ ቢሆን ኖሮ ከጥናቱ ጋር አብሮ አይገባም፣ ከጥናቱ ጋርም አብሮ አይወጣም ነበር።

የስዊድኑ መረጃ ሌላም ቀላል መልስ ያፈርሳል። በስዊድን አብዛኛው የዶክትሬት ተማሪ ተቀጣሪ ነው፤ ደመወዝ፣ የወላጅነት ፈቃድና የሠራተኛ ማኅበር አለው። ስለዚህ «ገንዘብ ቢኖራቸው ሁሉም ይቃለል ነበር» ማለት አይቻልም። ታዲያ ሥራው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የፍላንደርሱ ጥናት ከጭንቀቱ ጋር ተያይዘው ካገኛቸው ነገሮች መካከል የሥራው ጫና፣ ተማሪው በሥራው ላይ ያለው የመወሰን ሥልጣን ማነስ፣ ሥራና ቤተሰብ መጋጨታቸው፣ እንዲሁም የአማካሪው የአመራር ጠባይ ይገኙበታል። እነዚህን አንድ ላይ ስናያቸው የዶክትሬት ትምህርት ልዩ ጠባይ ይገለጣል። ሌላ ተማሪ በዓመቱ ብዙ መምህር አለው፤ አንዱ ቢጨክን ሌላው ያርመዋል። የዶክትሬት ተማሪ ዕጣ ግን በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ያርፋል። ሌላ ተማሪ ፈተናው መቼ እንደሆነ፣ ስንት እንዳገኘም ያውቃል፤ የዶክትሬት ተማሪ «በቃ» የሚባለው መቼ እንደሆነ ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ገበሬ ያረሰውን ያያል፣ ሸማኔም የሸመነውን ይለካል፤ ተመራማሪው ግን ስድስት ወር የደከመበት ሙከራ «አይሆንም» ብሎ ቢመልስለት ያ «አይሆንም» ራሱ ዕውቀት መሆኑን የሚነግረው ሰው ካላገኘ ዕድሜው የባከነ ይመስለዋል። አንድ ፊርማ፣ ገደቡ የማይታወቅ ጊዜና የማይታይ ውጤት በብቸኝነት ሲገናኙ ብርቱ ሰውም ይጎብጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በዚህ ላይ የራሳችን ሸክም ይጨመራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የዶክትሬት ትምህርት ደግሞ በ1987 ነው። ለረጅም ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ ማለት በየትምህርት ክፍሉ በጣት የሚቆጠር፣ ከአማካሪው ጋር በየኮሪደሩ የሚገናኝ ሰው ነበር። ከዚያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሲደርስ ለአዲሶቹ ተቋማት መምህር ማፍራት ግድ ሆነና የቅበላው መጠን በፍጥነት አደገ፤ ዶክተር የሆነና ማማከር የሚችል ምሁር ግን በአንድ ጀንበር አይፈራም። የተማሪው ማንነትም ከሌላው ዓለም ይለያል። የእኛ የዶክትሬት ተማሪ በአመዛኙ ራሱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ከጅማ፣ ከጎንደር ወይም ከአርባ ምንጭ የጥናት ፈቃድ ወስዶ፣ ዋስ ጠርቶና ተመልሶ ሊያገለግል ውል ፈርሞ ይመጣል። ትዳርና ልጆች አሉት፤ በወር ደመወዙ ሁለት ቤት ያስተዳድራል። ቢያቋርጥ የሚከተለው የራሱ ኀዘን ብቻ አይሆንም፤ ዕዳም ነው፣ ዋሱን ማስጠየቅም ነው። በ2024 ክረምት ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲወሰንና የዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ወደ እጥፍ ሲጠጋ፣ ቀድሞ በብር የጸደቀለት የምርምር በጀት ከውጭ ለሚመጣ የላብራቶሪ ኬሚካል የማይበቃው ተማሪ የገጠመው ችግር በምንም የጭንቀት መቋቋሚያ ሥልጠና የሚቃለል አልነበረም። በትግራይ ጦርነት ወቅት ስልክ፣ ባንክና ኢንተርኔት ሲቋረጡም ከቤተሰብም ከመረጃም ተነጥሎ የቀረ ሰው ያስፈለገው መጀመሪያ የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤና ዕለታዊ መተዳደሪያ ነበር።

አሁን ያለው የድጋፍ አገልግሎት ለዚህ ሰው አልተሰፋም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ አገልግሎት የተቀረጸው በዋናነት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነው፤ መኝታው፣ ምግብ ቤቱ፣ ክሊኒኩም ከአሥራዎቹ መጨረሻ ላልወጣ ወጣት የታሰቡ ናቸው። የአርባ ዓመት መምህር፣ ነገ ባልደረባው ሊሆን በሚችል ባለሙያ ፊት ተራ ይዞ መቀመጥ ይከብደዋል። የሚያስተምራቸው ልጆች በሚጠባበቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ መታየቱም እንዲሁ። በዚያ ላይ የአእምሮ ሕመም ስም ገና ያስፈራል፤ «አማኑኤል» የሚለው የአእምሮ ሆስፒታል ስም ራሱ በአዲስ አበባ ወሬ መሳለቂያ ሆኖ የኖረ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ወደ ንስሐ አባቱ፣ ወደ ፀበል፣ ወደ መስጊዱ ሼህ ወይም ወደ ታላቅ ወንድሙ ይሄዳል፤ ይህ የሚናቅ አይደለም፤ ለብዙዎች መጽናኛ የሚገኘው ከዚያ ነው። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል የሚሠራው የሚናገርበት አስተማማኝ ቦታ ላለው ሰው ነው። ምስጢሩ ወደ ትምህርት ክፍሉ ስብሰባ የማይደርስ መሆኑን ያላረጋገጠ ተማሪ ቢደብቅ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ድጋፉ ተማሪው ሳይጠይቅ የሚደርሰው መሆን አለበት፤ ያ የሚቻለው ደግሞ ከሥራው ጋር ሲሸመን ነው። የመጀመሪያው ቦታ አማካሪነት ነው። ማንም ምሁር ዶክትሬት ስለያዘ ብቻ ሌላ ሰው ማማከር ያውቃል ብሎ መገመት፣ የበላ ሁሉ ምግብ ማብሰል ያውቃል እንደማለት ነው። አማካሪነት የሚሠለጠንበት ሙያ ነው፤ አንድ አማካሪ የሚይዘው ተማሪ ቁጥርም ገደብ ያሻዋል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደሚባለው ሁለተኛ አማካሪ ከስም ባለፈ በእውነት ሲሠራ የአንድ ሰው ፊርማ የሰውን ዕጣ ብቻውን አይወስንም። በየስድስት ወሩ ከሁለቱም አማካሪዎች ውጭ የሆነ ሦስተኛ ምሁር ተማሪውን ለብቻው አግኝቶ «ጥናቱ እንዴት ነው? አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎ መጠየቁ፣ አለመግባባት ሲኖርም አማካሪ ያለ ቂም የሚቀየርበት የታወቀ መንገድ መኖሩ፣ ወረቀትና ሰዓት እንጂ ሕንጻ የማይጠይቅ አገልግሎት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን ጋር ለዓመታት ያካሄደው «ሳንድዊች» የተባለው የዶክትሬት አሠራር ተማሪውን ከሁለት አገር አማካሪዎች ጋር ማገናኘቱ አንዱ ጥንካሬው ነበር፤ ተማሪው አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላ የሚያንኳኳው አያጣም ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ባልንጀርነት ነው፤ ለዚህም በአፍሪካ ምድር የተሠራ ምሳሌ አለ። «ካርታ» (CARTA) በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ጥምረት በ2008 ሲቋቋም፣ በናይሮቢ የአፍሪካ የሕዝብና ጤና ምርምር ማዕከልና በደቡብ አፍሪካው ዊትስ ዩኒቨርሲቲ እየተመራ፣ ዓላማው ልክ እንደ እኛ ተማሪዎች መምህር ሆነው ዶክትሬት የሚሠሩትን ማገዝ ነበር። ተማሪዎቹ ከየዩኒቨርሲቲያቸው ሳይለቁ በተለያዩ የጥናት ደረጃዎች ለሳምንታት በሚዘልቁ የጋራ ሴሚናሮች ይገናኛሉ፤ ርዕስ ሲቀርጹ፣ መረጃ ሲተነትኑ፣ ጽሑፍ ሲያጠናቅቁ አብረው ናቸው። አማካሪዎቻቸውም ይሠለጥናሉ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አብሮ የሚጓዝ ጓድና የሠለጠነ አማካሪ በትምህርቱ ሥርዓት ውስጥ ሲካተቱ ደኅንነት ራሱን የቻለ ተጨማሪ ፕሮጀክት መሆኑ ይቀራል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲያችን በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ለዶክትሬት ተማሪዎች የጋራ መጻፊያ ክፍል ቢከፍት፣ በየወሩ ሁለት ተማሪዎች ያልጨረሱትን ሥራ ለባልንጀሮቻቸው የሚያቀርቡበት ጉባኤ ቢያቆም፣ ብቸኝነቱ ሊቀንስ የሚችለው ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ በዚህ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ጊዜና ገንዘብ ነው። የጊዜው ጥያቄ በተለይ ለሴቶች ይከብዳል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች እናት በሕግ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ አላት፤ የጥናቷ ሰዓት ግን ልጅ ስትወልድ አብሮ ካልቆመ ፈቃዱ ዕረፍት አይሆንላትም፤ ከኋላዋ የሚከማች ዕዳ ነው። ሕመም፣ ኀዘን፣ ወሊድ፣ ጦርነትና የመንገድ መዘጋት ሲመጣ ሰዓቱ የሚቆምበት፣ ሲያልፍም የሚቀጥልበት ግልጽ ደንብ ቢኖር፣ ተማሪው የማራዘሚያ ደብዳቤ ለማግኘት ከሬጅስትራር ወደ ትምህርት ክፍል፣ ከትምህርት ክፍል ወደ ላከው ዩኒቨርሲቲ መመላለሱ ይቀራል። የላከው ዩኒቨርሲቲና የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ስለ ደመወዙና ስለ ጊዜው በአንድ ሰነድ መስማማት ይገባቸዋል፤ ሁለት ዝሆን ሲጣላ የሚጎዳው ሣሩ ነው። የምርምር ገንዘብም በሚለዋወጥ ዋጋ ዘመን በየጊዜው የሚታይ፣ ለድንገተኛ ችግር ትንሽ መጠባበቂያ ያለው መሆን ያሻዋል። ስዊድን ያስተማረችን ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ያለ ገንዘብ መሆን እንደማይጎዳ ግን ማንም አላሳየም።

ከሁሉ ሥር የሰደደው ተቃውሞ ግን ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ መከራ ነው። «ዕውቀት በመከራ ነው የሚገኘው፤ የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ሊቅ ሆኗል፤ የዛሬው ተማሪ ምን ሆንኩ ብሎ ነው?» የሚል ድምፅ በየትምህርት ክፍሉ አለ። ይህ ተቃውሞ ክብር ይገባዋል፤ ከራሳችን የትምህርት ታሪክ ተነስቷልና። ይሁን እንጂ ታሪኩ እስከ መጨረሻው ሲነበብ ለተቃራኒው ይመሰክራል። በቅኔ ቤቶቹ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ ለቆጠራ፣ ማለትም ቅኔውን በልቡ ለማሰናዳት፣ ብቻውን ወደ ጥላ ሥር ይሄዳል፤ ያ እውነተኛ ብቸኝነት ነው። ነገር ግን የቆጠረውን ይዞ ለነገራ፣ ማለትም ለመምህሩ ለማሰማት፣ ወደ የኔታ ይመለሳል፤ መምህሩ ይሰማዋል፣ ያርመዋል፣ ያወጣውን ያመሰግንለታል። ብቸኝነቱ ሰሚ ያለው፣ መጨረሻው የሚታወቅ ብቸኝነት ነው። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል፤ በጎጆው አብረውት የሚያድሩ ባልንጀሮች አሉ፤ የአካባቢው ሕዝብ ቁራሹን ሲሰጠው የትምህርቱ ባለድርሻ ይሆናል። ያ ሥርዓት በድህነት ውስጥ የቆመው መከራው ስለጠቀመው አልነበረም፤ በመከራው ዙሪያ ሰሚ መምህር፣ ባልንጀራና የሚቀልብ ማኅበረሰብ ስለነበረ ነው። እኛ መከራውን ወርሰን ነገራውን ከጣልን፣ ለወራት ረቂቁ ሳይነበብለት የሚቀመጥ ተማሪ እያየን «የኔታም እንዲህ ነበሩ» ማለት በአባቶች ስም መሳሳት ነው።

ሌላው ስጋት የደረጃ መውረድ ነው፤ እንክብካቤ ሲበዛ ዲግሪው ይረክሳል፣ የማይችለውም ያልፋል ይባላል። እዚህ ጋር ሁለት ነገር መለየት ያሻል፦ የጥያቄው ክብደትና የመንገዱ ጭለማ። ጥያቄው ከባድ መሆን አለበት፤ ዲፌንሱም ያለ ርኅራኄ መመዘን አለበት። ረቂቅ ለማንበብ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አለማወቅ፣ የገምጋሚ ሹመት በቢሮ ተረስቶ መክረሙ፣ አማካሪን በኮሪደር እያደቡ መጠበቅ ግን የማንንም ጥበብ አይጨምሩም። ከጥራት ጋር የሚጋጩት እንዲያውም እነዚህ ናቸው፤ የሚችለውንም ሰው ያባርራሉና። በአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ባካሄደው የማጠናቀቅ ጥናት በአሥር ዓመት ውስጥ ዶክትሬቱን የጨረሰው 57 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። «ካልተመቻቸው ለምን ጀመሩት?» ለሚለውም፣ በ2019 ኔቸር መጽሔት ከ6,300 በላይ የዶክትሬት ተማሪዎችን ሲጠይቅ 36 በመቶው በጥናቱ ምክንያት ለመጣ ጭንቀት ወይም ድባቴ እርዳታ ፈልገናል ቢሉም ሦስት አራተኛ ያህሉ ዶክትሬት በመጀመራቸው ረክተዋል። እነዚህ ሰዎች ሥራውን ይወዱታል፤ የሚጠይቁት እንዲቀልላቸው ሳይሆን እንዲታይላቸው ነው።

ይህ ሁሉ የምክር ክፍሉን አስፈላጊነት አያሳንስም። በስምንት የአሜሪካ ታዋቂ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍሎች በተካሄደ ጥናት፣ 11 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች ባለፉት ሁለት ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንደመጣባቸው ተናግረዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው የተሻለ የጊዜ ሰሌዳ መልስ አይሆንም፤ ዛሬውኑ የሚሰማው፣ ምስጢሩን የሚጠብቅና ወደ ሐኪም የሚያደርሰው ባለሙያ ያስፈልገዋል። «ባለሙያ የለንም» ለሚለው፣ ዚምባብዌ ጥሩ ትምህርት ሰጥታለች። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 በሐራሬ በጀመሩት አሠራር ከአካባቢው የተውጣጡና በአጭር ሥልጠና የተዘጋጁ አረጋውያን ሴቶች በጤና ጣቢያ ቅጥር ውስጥ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰውን እያነጋገሩ ችግሩን ደረጃ በደረጃ እንዲፈታ ያግዙታል፤ በ2016 የታተመ የሙከራ ጥናት ታካሚዎቹ በእርግጥ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ተመርቀው የወጡ የቀድሞ የዶክትሬት ተማሪዎች በዚህ መንገድ ሠልጥነው፣ ከትምህርት ክፍሉ ውጭ ባለ ቦታ፣ ከባድ ሲሆን ወደ ባለሙያ የማስተላለፍ ግልጽ መስመር ይዘው ቢቀመጡ፣ ተማሪው ይህን መንገድ በሄደ ሰው ፊት መናገር ይቀለዋል።

ሁሉም የሚጀምረው ግን ከማወቅ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ተመራማሪዎች በቡታጅራ ገጠር ለአሥርታት የሰውን ጭንቀት ቤት ለቤት እየዞሩ ጠይቀው፣ መጠይቁን ለአማርኛ ተናጋሪ አስማምተው ለዓለም ዕውቀት አበርክተዋል። የቡታጅራን ገበሬ «እንቅልፍ ይመጣልሃል ወይ? ሰውነትህ ይከብድሃል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ የበቃ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ቤተ መጻሕፍት ለሚያመሹት ተማሪዎች ያንኑ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያንሰው ዕውቀት የለም። በየዓመቱ፣ ስም ሳይጠይቅ፣ ስለ እንቅልፋቸው ብቻ ሳይሆን አማካሪያቸውን መጨረሻ ያገኙት መቼ እንደሆነና ረቂቃቸው ለስንት ወር እንደተቀመጠም ጠይቆ ውጤቱን በየትምህርት ክፍሉ ቢያወጣ፣ ሁለቱ አማካሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ። ያን ጊዜ ምክር ክፍሉ የሚመጣለትን ተማሪ ብዛት በማየት ብቻ የትኛው ትምህርት ክፍል ረቂቅ እንደማያነብ ማወቅ ይቻላል፤ ረቂቁ ሲነበብም የምክር ክፍሉ ሰልፍ ያጥራል።